ነክተውት ነው

«ነክተውት ነው እንጂ ዓሣውስ ደኅና ነበር» አለች እሌኒ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ። «ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔ እንዴት ብዬ ፊት ለፊት ልናገር? አንተው ንገራቸው። አዲሱ ሲመጣ ወደዚያ መስታወት እጃቸውን እንዳይሰዱ። እውነቴን ነው ደርቤ፣ ቶሎ ቢሄዱልን ነው የሚሻለው።»

ታንጉት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንዱን ጫማዋን አጥልቃ ሌላውን በእግሯ ጣት ከአልጋው ሥር እየሳበች ነበር። እግሯ ባለበት ቀረ። የልጇን መልስ ጠበቀች። ደርቤ የሚስቱን ነገር ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ዛሬም ጉሮሮውን ጠረገ፣ የመኪናውን ቁልፍ አቃጨለ፣ በቃ። ሦስት ፈረንጆች ሆቴል በር ላይ ቆመው እየጠበቁት ነው፤ ተራራው ላይ ሳንቃ በር አድርሷቸው፣ አብሯቸው ውሎ ማታ ይመለሳል። መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ የእሌኒ ተረከዝ በኮሪደሩ ሲሚንቶ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣና በሩ በስሱ ተንኳኳ። «እማዬ፣ ደኅና አደሩ? ቁርስዎ ጠረጴዛው ላይ ተከድኗል። እኔ ወደ መድኃኒት ቤት መሄዴ ነው። ምንም እንዳይሠሩ፣ ይረፉ እሺ?» ድምፅዋ ማር ነው። ታንጉትን ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገባት ደግሞ ያ ማር ነበር። ሰው ከጀርባ ያንን ብሎ ከፊት ይህን ሲል ጃናሞራ ውስጥ ስሙ ሌላ ነው፤ እዚህ ከተማው ላይ ትሕትና ይሉት ይሆናል።

«እሺ ልጄ፣ በደኅና ዋይ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ከጃናሞራ ከመጣች አምስት ወሯ ነው። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት መሬቷን ለወንድሟ ልጅ እኩል እንዲያርስ ሰጠች፣ ላሞቿን አስረከበች፣ ደርቤም በመኪናው መጥቶ ወሰዳት። በዚህ ቤት አንድም ቀን ክፉ ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ችግሩም እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ሳህን ልታነሣ ብድግ ስትል «እርስዎ ይቀመጡ»፣ መጥረጊያ ስትይዝ «ኧረ በሞቴ ይተዉት»፣ ሽንኩርት ልትልጥ ስትጠጋ «እጅዎ ይሸታል እማዬ»። እሌኒ እንዲህ የምትለው ከልቧ መሆኑን ታንጉት አልተጠራጠረችም ነበር፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ በረት ስትጠርግ የኖረች ሴት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ስትውል እጁም ጭኑም የሰው ይመስላታል። አንድ ሰው ቢቆጣት፣ አንድ ሰው «ምነው ይሄን አበላሸሽ» ቢላት እንኳ በወደደች። እንግዳ ሆና መጥታ እንግዳ እንደሆነች ነው ያለችው። ሥራዋ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከሶፋው ፊት ያለውን ነገር ማየት ነው።

ከሶፋው ፊት ያለው ነገር የዓሣው መስታወት ነው። ደርቤ ጅቡቲ ስድስት ዓመት ሲሠራ አንድ ትልቅ ሆቴል መግቢያው ላይ ያስቀመጠውን የዓሣ መስታወት ተንከባካቢ ነበር። ሌላው ሰው ከጅቡቲ ሲመለስ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይጭናል፤ እሱ ጭኖ የመጣው ባዶ የመስታወት ሣጥን፣ ጥቅል ቱቦና በባልዲ የታሸገ የባሕር ጨው ነው። ደባርቅ ላይ፣ ጭጋጉ በነሐሴ ሳሎን ድረስ በሚገባበት አገር፣ ባሕር ልትከፍት ነው ወይ ብለው ዘመዶቹ ስቀውበታል። አሁን ግን ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ ጨዋታውን ረስቶ አፉን ከፍቶ ሲያይ ያመሻል። ውሃው በመብራት ይሞቃል፣ በመብራት ይተነፍሳል፤ ድንጋዮቹ ዋሻ ዋሻ ናቸው፤ በዋሻዎቹ መካከል አንድ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ዓሣ ይንጎራደዳል። እሌኒ ‹አለቃ› ብላዋለች። ድንጋዩም ዋሻውም የእሱ ነው፤ ቀና ብሎ ያየውን ሁሉ ያባርራል፤ ከመስታወቱ ውጪ ያለን ሰው እንኳ ሊያባርር ይሞክራል። ታንጉት ግን ዓይኑን በጨው ያጠበ ትለዋለች፤ ጨው ውስጥ ነዋሪ ስለሆነ ስድቡ ልክክ ይልበታል።

ሁለተኛም ነበረ። ብርቱካን መልክ፣ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀ። ሲዋኝ ወገቡን እያውለበለበ ነበርና ታንጉት ነፍሷ የወደደችው እሱን ነው። አሁን የለም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሞተ፤ የገደለችውም እሷ ናት። ይህን ከእሷና ከፈጣሪዋ በቀር የሚያውቅ የለም ብላ ነበር፣ እስከ ዛሬ ጠዋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ዕለት ደርቤ ከሳንቃ በር ስልክ ደወለ። «እማዬ፣ ውሃው ከቀዩ መስመር ወርዶ እንደሆነ ከጀሪካኑ አንድ ጆግ ጨምሪበት» አለና ኔትወርኩ ጥርቅም አለ። ከመስታወቱ ሥር ያሉት ጀሪካኖች ግን ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ቢጫ። የተጻፈባቸውን እንዳታነብ ፊደል አልቆጠረችም። ጣቷን እየነከረች ቀመሰች፤ አንዱ ጨው ነው፣ አንዱ ባዶ ውሃ። የባሕር ዓሣ የሚኖረው በጨው ውሃ አይደል? ከጨው ጀሪካኑ አንድ ጆግ ሙሉ ቀድታ አፈሰሰችበት፤ በሥራዋም ተደሰተች፤ ከመጣች ወዲህ በዚያ ቤት የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ነበርና። ሰኞ ቤቱ ጣሪያው እየተቀባ በቀለም ሽታ ታፍኖ ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት ባለመቀነቱ በጎኑ ተንሳፍፎ ተገኘ። ደርቤ በወረቀት ጠቅልሎ ከአጥሩ ሥር ቀበረውና ያን ዕለት እራት ሳይበላ ተኛ። «ምን ነክቶት ይሆን?» ሲል እሷ የጆጉን ነገር አላነሣችም።

እንግዲህ አውቀውባታል። አውቀው፣ ነውር እንዳይሆንባት ለብቻቸው ይነጋገራሉ። ‹ቶሎ ቢሄዱልን›። ታንጉት ሁለት ቀሚሷን፣ መቁጠሪያዋን፣ የጠበል ጠርሙሷን በነጠላ ቋጠረች። የጃናሞራው አውቶቡስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል። የወንድሟ ልጅ አይጨክንባትም፤ የከብት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል አያጣላትም። ለቅሶ አላለቀሰችም። ቁርሱን ግን እሌኒ እንደከደነችው ተወችው።

አራት ሰዓት ላይ ከውጪ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የደርቤ ጓደኛ ባርናባስ ነው፤ ጎንደርና ዛሪማ የሚመላለስ ፒክአፕ አለው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ነጭ የፎም ሣጥን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ።

«እማማ ታንጉት! ደርቤ የለም?»

«ሳንቃ በር ነው። ነገ ነበር እኮ የምትመጣው ያሉት።»

«የአውሮፕላኑ ቀን ተለወጠ። ይኸው ባለመቀነት ነው፤ ላስቲኩ ትናንት ማታ አዲስ አበባ ነው የታሰረው፣ እስከ ማታ እዚህ ላስቲክ ውስጥ ከቆየ አይተርፍም። በሉ እንግዲህ፣ ሲሚንቶ ጭኛለሁ፣ ዛሪማ ይጠብቁኛል።» ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በር ላይ ዞር ብሎ ሳቀ። «በአንድ ሙክት ዋጋ ነው የገዛሁት፤ እንዳትጠብሱት!»

ታንጉት ክዳኑን ከፈተችው። በአየር በተወጠረ ላስቲክ ውስጥ፣ የትንሽ ጣት ያህል፣ ብርቱካን መልክ ያለው ፍጥረት ጥጉን ይዞ ይተነፍሳል። ቀለሙ ወይቧል። ጉንጩ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል። ደርቤ ዘንድ ደወለች፤ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው አለቻት ሴትዮዋ። እሌኒ ዘንድ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒት የሚቆጥሩበት ቀን ነው፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትታው ይሆናል። ደግማ ደወለች። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ሣጥኑን እያየች ተቀመጠች። ብትነካው፣ እንዳትነካ የተባለችውን ነካች። ባትነካው ዓይኗ እያየ ሊሞት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ አውቶቡስ አላት። ቢያንስ የዚህን ሞት ሌላ ሰው ይሸከመው ብላ መሄድ ትችላለች። ወዲያው ግን ራሷን ታዘበች። በዕድሜዋ ስንት ጥጃ አዋልዳለች፣ ስንት የተጣለ ግልገል በጣቷ አጥብታለች፤ ትንፋሽ ያለውን ነገር እያየች ነጠላዋን ቋጥራ የምትወጣ ሴት ሆና አታውቅም።

«ና እንግዲህ፣ የባሕር ልጅ» አለችው፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

ደርቤ የፊተኛውን ሲያስገባ አጠገቡ ተቀምጣ አይታለች። ማንም ማየቷን ልብ አላለም፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ምን ታያለች ብለው ነው። እሷ ግን አንድም አልሳተችም። እጇን ያለ ሳሙና ሦስቴ ታጠበች፤ ደርቤም ሳሙና አልነካ ነበርና። የመስታወቱን መብራት አጠፋች። ላስቲኩን እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፈፈችው፣ ሙቀቱ እንዲስማማ። ለስንት ጊዜ? ደርቤ በስልኩ ሰዓት ነበር የያዘው፤ እሷ ቋጠሮዋን ፈትታ መቁጠሪያዋን አወጣች። አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦታ፣ ሦስት ዙር። በረጋ መንፈስ፣ ሳይቸኩሉ ከቆጠሩት ልክ ይመጣል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሳለች ነው ዓይኗ የመስታወቱ ከንፈር ላይ ያረፈው። ዳር ዳሩን ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጥፍሯ ፋቀችና ቀመሰችው፤ ጨው። ቀና ብላ የውሃውን ልክ አየች፤ ከቀዩ መስመር ሁለት ጣት ወርዷል። እጇ መቁጠሪያው ላይ ቆመ። ውሃው በኖ ሄዷል፤ ጨውስ? ጨውማ የት ይሄዳል! ሲንተከተክ የቆየ ወጥ ጨው የሚያበዛው ለምን ሆነና? በባዶ ውሃ ነው የሚለዝበው፣ ማንም ጨው አይጨምርበትም። አርባ ዓመት በወጥ ላይ ስትሠራው የኖረችውን ነገር ባሕር ቢሏት ጊዜ ረሳችው። እስከ አሁን ምናልባት እኔ አልሆንም የምትልበት ትንሽ ቀዳዳ ነበረቻት፤ እሷም ተደፈነች።

ቢሆንም ጊዜው የለቅሶ አይደለም። የመስታወቱን ውሃ በማንኪያ ቀምሳ ተፋች። ላስቲኩን ፈትታ የእንግዳውን ውሃ ቀምሳ ተፋች። ሐሙስ በመሆኑ ተመስገን አለች፤ ትናንት ቢሆን ኖሮ ረቡዕ ነው፣ ገና በጾም ሰዓት በአፏ የሚገባ ነገር አይኖርም ነበር። ምላሷ አልተጠራጠረም፤ የቤቱ ውሃ ከእንግዳው ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ነው። ባዶውን ጀሪካን ለይታ፣ ሁለቴ ቀምሳ አረጋግጣ፣ በጆግ እየቀዳች ቀስ ብላ በጥግ በኩል እስከ ቀዩ መስመር ሞላችው። የሄደውን ነፍስ አልመለሰችም፤ ግን የአሁኑን ትክክል መሥራቷን ልቧ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ቱቦው። ደርቤ ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ መስታወቱ ውስጥ፣ ሌላውን ወለሉ ላይ ባለ ባልዲ ውስጥ አድርጎ፣ መሐሉን ቋጥሮ ውሃው ጠብ ጠብ እንዲል አድርጎ ነበር። እሷም ዓሣውን ከነውሃው ባልዲ ውስጥ ገለበጠች፣ ቱቦውን በአፏ ሳበች፣ አፏ ጨው ሞላ፣ ቋጠሮውን አጠበቀች፣ አላላች፣ እንደገና አጠበቀች። ጠብ። ጠብ። ጠብ። የለመደው ውሃ ሳያልቅ የማያውቀው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቀልለታል፤ አንድ ላይ ከሆነ ይደነግጣል። ታንጉት ወለሉ ላይ ጉልበቷን ዘርግታ ከባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ከአምስት ወር ወዲህ ወለል ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ «እርስዎ ሶፋው ላይ» የሚላት አልነበረም። ሲሚንቶው ቢቀዘቅዝም ደስ አላት። መቁጠሪያዋን እያዞረች፣ ለዓሣው ስለ ጃናሞራ እያወራች፣ ስለ ጉልበቷም እየነገረችው፣ ጠብታው እየወረደ ሰዓቱ ሄደ። የዓሣው ጉንጭ ረጋ እያለ መጣ፤ መቀነቱም ነጣ።

መብራት ሲሄድ ስድስት ሰዓት አለፍ ብሎ ነው። የመስታወቱ ሞተር አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ መኖሩን ታውቃለች፤ አንሥታ ቁልፉን ተጫነችው፣ አረፋ ሰጠ። ሙቀቱ ግን ባትሪ የለውም፤ የደባርቅ ብርድ ደግሞ በቀትርም አይታመንም። መኝታ ቤት ገባችና ጋቢዋን አምጥታ የባሕሩን ሣጥን ከአናቱ እስከ ወገቡ ደራርባ ሸፈነችው። የአራስ ቤት መሰለ። እሷ በቀሚስ ብቻ ቀረች፤ ብርዱም ነካት፣ ግን እየሠራች ነውና አልታወቃትም።

በሩ ሲንኳኳ ባርናባስ የረሳው ነገር ያለ መስሏት ከፈተች። ጋሽ ላቀው ናቸው፤ የቀለም ባልዲያቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህንን ጣሪያ እየቀቡ ገና ግማሹን ነው ነጭ ያደረጉት፤ ሰውየው ከመቀባት ይልቅ መሰላል ላይ ሆነው ማውራት ይወዳሉ። የእሌኒ የክርስትና አባት ስለሆኑ ማንም «ፍጠኑ» አይላቸውም።

«እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ታንጉት። ዛሬስ እጨርሳታለሁ።»

«ዛሬማ አይሆንም ጋሽ ላቀው። እንግዳ አለብን፤ ቀለም ሲሸተው ይታመማል።»

«ማን መጣባችሁ?»

«ከባሕር ነው የመጣው። ይኸው ገና አልገባም፤ ደጅ ላይ ነው።»

ጋሽ ላቀው በትከሻዋ በኩል ጋቢ የለበሰውን ሣጥን አዩ። ዓይናቸውን ቶሎ መለሱና ባልዲያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እዚያ ነገር አጠገብስ ዳግመኛ አልደርስም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሌኒን በሚመቻት ቀን ትጥራኝ በሏት።» እንደዚያ ቸኩለው ሲሄዱ ታንጉት አይታቸው አታውቅም። ትልቅ ሰው ዓሣ ይፈራል እንዴ ብላ ትንሽ ሳቀችና በሩን ቆለፈች።

የቀረው ዋናው ነገር ነበር፤ አለቃ። ደርቤ የፊተኛውን ሲያስገባ ይሄ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሦስት ቀን ሙሉ ጅራቱን እየነከሰ አሳዶታል። ደርቤ ሲናደድ ታያለች፤ መፍትሔውን ግን እሷ ያኔም ታውቀው ነበር፣ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው ያልተናገረችው። ከገበያ የተገዛች ላም በረት ስትገባ ነባሮቹ እንዳይወጓት የሚደረግ ነገር አለ። ነባሮቹ ቀድመው ይጠግባሉ፤ የጠገበ አይዋጋም። የበረቱ አተኛኘት ይለወጣል፤ ቦታው የተቀየረበት ከብት የራሱን ቦታ ሲፈልግ እንግዳዋን ይረሳታል። ደግሞም ሲጨልም ነው የምትገባው፤ ጠዋት ሲነጋ አብረው አድረዋል። ዓሣስ ከዚህ በምን ይለያል? ቁንጥር ምግብ ለአለቃ ሰጠችው፣ እየጎረሰ ሳለ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ድንጋዮቹን አዛወረች፤ የእሱን ዋሻ ወደ ቀኝ፣ ረጅሙን ድንጋይ ወደ ኋላ፣ በግራ በኩል ለእንግዳው አንዲት ጠባብ ስንጥቅ። አለቃ ጣቷን ሊነክስ መጣ። «ዞር በል» አለችው፤ ቤቱ ተቀይሮበት ግራ ገብቶት ዞረ።

የጃናሞራው አውቶቡስ ጥሩምባ የተሰማው ያኔ ነው፤ ከአደባባዩ ጀምሮ እየጮኸ በበራቸው አለፈ። ታንጉት ክንዷ ባሕር ውስጥ፣ ድንጋይ በእጇ፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ አቀናች። ከዚያ ድንጋዩን ቦታው ላይ አሳመረችው። ነገም አውቶቡስ አለ።

ባለመቀነቱን በመረብ አውጥታ፣ የባልዲውን ውሃ ጠብታ እንኳ ሳታስገባ፣ በጋቢው ሥር በጨለማ ለቀቀችው። እንደ ደነገጠ ቅጠል ወደ ታች ወረደ፣ ስንጥቋን አገኘ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ገባባት። አለቃ መጣ፣ አየው፣ አንዴ ዞረው፤ ከዚያ ዋሻውን ፍለጋ ሄደ። ታንጉት እልል ልትል አፏን ከፍታ ማንም እንደሌለ ትዝ አላትና ዘጋችው።

እሌኒ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመጣ መብራት ተመልሶ ነበር። ሳሎኑ በር ላይ ቦርሳዋን እንደያዘች ቀረች። መስታወቱ ጋቢ ለብሷል፣ ወለሉ ላይ ባልዲና ቱቦ አለ፣ የባሏ እናት በቀሚስ ብቻ፣ ነጠላ ቋጠሮ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ?» አለች። ሄዳ የጋቢውን ጥግ ገለጥ አድርጋ በስልኳ መብራት አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። ደርቤም የዚያን ጊዜ አቧራውን ለብሶ ገባ፤ ሚስቱ በጣቷ ጠቆመችው፤ እሱም ተንበርክኮ አየ። ድንጋዮቹን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ዘወር ብሎ እናቱን አየ።

ታንጉት ተነሣች። ይህን ቀኑን ሙሉ አዘጋጅታዋለች፤ ስትናገረው ግን ተገለባበጠባት። «ልጆቼ፣ ልሂድላችሁ። የፊተኛውን የገደልሁት እኔ ነኝ። ከጨው ጀሪካኑ ጨምሬበት ነው፤ አውቄ አይደለም፣ ግን ሳውቅም ደበቅሁት። አትንኪ መባሌን ሰምቻለሁ። ዛሬም ነካሁት፤ ምን ላድርግ፣ ነፍስ ነው፣ ማንም ስልክ አላነሣ አለኝ።»

«ማን ነው አይንኩ ያለዎት?» አለች እሌኒ።

«አንቺ ነሻ ልጄ። ጠዋት። ነክተውት ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቶሎ ቢሄዱልን ስትዪ። ቅር አላለኝም፤ እውነትሽን ነው።»

እሌኒ እጇን አፏ ላይ ከደነች። ቦርሳዋ ወደቀ። «ውይ በሞትኩት! ጋሽ ላቀውን እኮ ነው!» አለች። «ጋሽ ላቀውን! ያን ሰኞ በቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጅ የታጠበ እጃቸውን፣ ቀለሙ ሳይለቅ፣ እዚህ ውስጥ ነክረው ሲያለቀልቁ እኔው ራሴ አይቻቸዋለሁ። የክርስትና አባቴን ምን ልበላቸው? ቀባብተው ቶሎ ቢሄዱልን ማለቴ እኮ ነው…» ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ ታንጉትን አንገቷ ላይ ጥምጥም አለችባት።

ደርቤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። «አንድ ጆግ የጨው ውሃ ዓሣ አይገድልም እማዬ። አኳራጅ ነው የሚገድል። ይልቅ ድንጋዩን ማን አስተማረሽ? እኔ ጅቡቲ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«ላም» አለችው። «አንተ ግን ጉሮሮህን ከመጥረግ አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

ታንጉት ተመልሳ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የዞረችበት ነገር አንዲት ቃል ሆና ተገኘች። ልጇ ያንኑ ስለ እሷ ቢናገር ‹ነክታው ነው› ነበር የሚለው፤ ወዲያው ታውቀው ነበር። እሌኒ ግን እሷንም፣ ቀለም ቀቢውንም፣ ቄሱንም አንቱ ነው የምትል፤ አንቱ ውስጥ ደግሞ ማንም ገብቶ ይቀመጣል።

«ነይ እስቲ እዚህ» አለቻት። «ያቺን አንቱታሽን ተይልኝ። ጃናሞራ ልትመልሰኝ ነበር እኮ። አንቺ በዪኝ።»

«እንዴ አይሆንም! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሳይኖር በዪኛ። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቀስ ብለሽ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ።»

እሌኒ ፊቷን ጠርጋ ወደ ማድ ቤት ገባች። ደርቤ ጋቢውን ሊያነሣ ሲል ታንጉት እጁን መታችው፤ እስኪነጋ አይነሣም። ጋቢው ሥር ባለመቀነቱ ከስንጥቁ ግማሽ ፊቱን አውጥቷል፤ አለቃ አዲሱ ዋሻው በር ላይ ቆሞ ያያል እንጂ አይመጣም። ሳሎኑ በረደ። ግማሹ ጣሪያ ነጭ፣ ግማሹ አሮጌ ነው፤ ይቆይ ግድ የለም። ከማድ ቤት የሳህን ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የእሌኒ ድምፅ።

«እማዬ፣ እራት ቀርቧል። ይም…» አለችና አቋረጠች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ የማታውቀውን መንገድ በእግሯ እንደምትሞክር ሰው፣ «ነይ» አለች።

ታንጉት ሰምታለች። ግን ወዲያው አልተነሣችም፤ ሌላ ጠብታ ፈልጋ፣ ዳግመኛ እስክትጠራት ድረስ ተቀመጠች።